በውኃ ዳር ሰላምታ የለም

የምሠራበትን የዓሣ ማጥመጃ ሱቅ ቁልፍ የመለስኩት ባለፈው መጋቢት ነው። ጉልበቴ እምቢ አለ። ድንጋይ ላይ መውጣቱን አላጣሁትም፣ መውረዱ ነው ያቃተኝ። ባለሱቁ ሚስተር ሬይ እጄን ጨብጦ "ወርክ፣ እንዳንተ ያለ ትል ቆፋሪ አላገኝም" አለኝ። ስሜ ወርቁ ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ "ወርክ" ሲለኝ ኖረ፤ በነሱ ቋንቋ ሥራ ማለት ነው አሉኝ። እኔም አልተጣላሁትም።

ፊደል የቆጠርኩት ከጎለመስኩ በኋላ፣ በቀበሌ መሠረተ ትምህርት ነው። ስህተት ብታገኙ እለፉት። የምጽፈው ስለ ሥራዬ ነው። ግን በሥራዬ ላይ የሞተ አንድ ሰው አለ፤ አቶ ግርማ ይባላል። አሜሪካ፣ ኦክላንድ ያለው ያገራችን ሰው ስለሱ አሟሟት የሚያወራው ልክ አይደለም። ልኩን የማውቀው እኔ ነኝ፣ ሦስት ዓመት ዝም ያልኩትም እኔው ነኝ። ሥራውን ያላወቀ አሟሟቱ አይገባውምና ከሥራው እጀምራለሁ።

ያደግሁት ዝዋይ ሐይቅ ዳር ነው። ቆሮሶ በመረብ አውጥቻለሁ፣ አምባዛ በእጄ ይዣለሁ። ከዚያ አዲስ አበባ ገብቼ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የጋራዥ ዘበኛ ሆንኩ። ከዚያ ሱዳን። የሱዳኑን ብዙ ሰው ያውቀዋል፣ አልጽፈውም። ኦክላንድ የደረስኩት እንደ ፈረንጅ በሰማንያ አንድ ነው። ሃምሳ ሰባት ዓመቴ ነበር።

መጀመሪያ ሳህን አጠብኩ። አለቃዬ ሲፈልገኝ ያፏጭልኝ ነበር። አንድ ቀን ሽርጤን ፈትቼ በእጁ ሰጠሁትና "ውሻ ቅጠር" ብዬው ወጣሁ። ያልኩትን አልሰማም፣ ባማርኛ ነው ያልኩት። ቀጥሎ ፓርኪንግ ገባሁ። ግርማን ያወቅሁት እዚያ ነው። አገር ቤት የትምህርት ቤት ጸሐፊ ነበር። የኔ ሺፍት ሲያልቅ የሱ ስለሚጀምር፣ እኔ ስወጣ እሱ ሲገባ እንገናኛለን። መኪና በመጣ ቁጥር ከኪዮስኩ ብድግ ብሎ እጅ ይነሳል። ፈረንጆቹ ይስቁበታል።

"ግርማ፣ ቁጭ በልና ቲኬቱን ስጣቸው" እለዋለሁ።

"ጋሽ ወርቁ፣ ሰው እኮ ነው የመጣው" ይለኛል።

እኔ እዚያ ሦስት ወር አልቆየሁም። ጭሱ አሳለኝ። ስደተኛ የሚረዱበት ቢሮ የነበረችው ሴትዮ "ምን ታውቃለህ?" ብላ አስጠየቀችኝ። "ዓሣ" አልኩ። ወረቀት ጻፈችልኝ፣ ወደ ሚስተር ሬይ ሱቅ ላከችኝ።

ሱቁ ኦክላንድ ውስጥ፣ ጀልባ የሚቆምበት አካባቢ ነው። ዘንግ፣ መንጠቆ፣ ክር፣ መንጠቆ ላይ የሚሰካ ትልና ሽሪምፕ ይሸጣል። ክረምት ሲገባ ደግሞ ደንበኞችን በቫን ጭኖ ወደ ትልቁ ባሕር ይወስዳል፣ ከሳን ፍራንሲስኮ ወዲያ፣ ድንጋይና አሸዋ ወደተቀላቀለበት። እዚያ የሚጠመደው ፍላውንደር የሚሉት ዓሣ ነው። ሰዎቹን እየመሩ የሚያስጠምዱት አቦይ እድሪስ ነበሩ። የምጽዋ ሰው ናቸው። አማርኛ ወደብ ላይ ሲሠሩ የለመዱት ነው። ያን ጊዜ ስድሳ አምስት ሳይሞላቸው አይቀርም።

መጀመሪያ ቀን ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ።

"ዓሣ ያውቃል አሉኝ።"

"አዎ፣ ዝዋይ ነው ያደግሁት።"

"ዝዋይ ገንዳ ነው" አሉ። "ከብት ይጠጣዋል። ይሄ ግን አንተን ይጠጣሃል።"

ተናደድኩ። ቢሆንም ሥራ እፈልጋለሁ።

ፍላውንደር ጠፍጣፋ ነው፣ እንደ ሰፌድ። ሁለቱም ዓይኖቹ በአንድ ጎኑ ናቸው። ጀርባው አሸዋ ይመስላል፣ ሲዳስሱት ብርጭቆ ወረቀት ነው። ክንፉ ላይ ብርቱካንና ጥቁር መስመር አለው። ቴሌግራፍ የሚባለው መንገድ ላይ ምግብ ቤት ላላት አንዲት ያገሬ ሴት ወስጄ ባሳያት "ይሄን መኪና የሄደበት ዓሣ ከቤቴ አውጣልኝ" አለችኝ። ጠብሼ አቀመስኳት። ከዚያ ወዲያ በሁዳዴ እየደወለች "ጋሽ ወርቁ፣ ያ የተጨፈለቀው አለ?" ትለኝ ነበር። ዓሣ ይፆማል፣ አይፆምም የሚሉት ቤቷ ውስጥ ሲከራከሩ እሷ ትጠብሳለች።

ዓሣው አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ ዓይኑን ብቻ አውጥቶ ይጠብቃል። ድንጋይ ላይ አይተኛም። ውኃው በኃይል በሚሮጥበትም አይተኛም። በሁለት ድንጋይ መካከል ያለች አሸዋ፣ ወራጁ ውኃ ድንጋዩን መትቶ ሰንፎ የሚያልፍባት፣ ቤቱ እሷ ናት። እሷን ለማወቅ ውኃው እሩቅ በሸሸ ቀን በእግር ወርደህ ማየት አለብህ። አቦይ እድሪስ እያንዳንዱን ጉድጓድ በስም ያውቁት ነበር። አንዱ "መስጊድ"፣ አንዱ "ጉምሩክ" ይባላል። ውኃ ሲሸፍነው እኔ የማየው አረፋ ብቻ ነው፤ እሳቸው "አሁን ጉምሩክ ላይ ጣል" ይሉኛል።

ለክብደት ሌላው ሰው እርሳስ ይገዛል። እርሳሱ በድንጋይ ስንጥቅ ይያዝና ክሩም መንጠቆውም ይቀራል። አቦይ እድሪስ ያረጀ ካንዴላ ነበር የሚያስሩት፣ የመኪና። እሱንም ከዋናው ክር በቀጠነ ክር ያስራሉ። ካንዴላው ሲያዝ ቀጭኑ ይበጠሳል፣ ዓሣው ይተርፋል። የጋራዥ ዘበኛ ስለነበርኩ ይሄ ነገራቸው ደስ አለኝ። በየጋራዡ እየዞርኩ የተጣለ ካንዴላ የምለቅመው እኔ ሆንኩ።

ፍላውንደር እንደ ሌላው ዓሣ ነጥቆ አይጎትትም። እርጥብ ጨርቅ ክርህ ላይ የወደቀ ይመስልሃል። ያን ጊዜ ከጎተትክ አጣኸው። ክሩን በሁለት ጣትህ ይዘህ ትጠብቃለህ። ጨርቁ መሄድ ሲጀምር ዘንጉን ቀስ ብለህ ታነሳለህ። ይህን ለመልመድ አንድ ክረምት ፈጀብኝ።

ስለ ባሕሩ ደግሞ ልንገራችሁ፤ ዋናው ነገር ይሄ ነው። አቦይ እድሪስ እንደደረሱ ከፍ ያለ ደረቅ ድንጋይ ላይ ቆመው ሃያ ደቂቃ ምንም አይሠሩም። ደንበኞቹ ይቁነጠነጣሉ፤ እሳቸው ማዕበል ይቆጥራሉ። ትንንሹ ይመጣል፣ ይመጣል፣ ሰው ይዘናጋል። ከዚያ ትልልቆቹ ሁለት ሦስት ሆነው ይከተላሉ። ነፋስ የሌለበት ፀሐያማ ቀን ይብሳል፣ ማዕበሉ ከሩቅ አውሎ ነፋስ የተላከ ስለሆነ ምልክት የለውም። ምልክቱ አንድ ነው። ትልቁ ከመምጣቱ በፊት ውኃው ይሸሻል፤ ሌላ ጊዜ የማታየው ድንጋይ ራቁቱን ይወጣል። ያን ካየህ አንድ ትንፋሽ ነው ያለህ። ስለዚህ አቦይ እድሪስ ፊታቸውን ከባሕሩ አያነሱም። ምሳ ሲበሉ ወደ ባሕሩ ነው። ከድንጋዩ ሲወርዱም የኋሊት ነው የሚሄዱት፣ ከንጉሥ ፊት እንደሚወጣ ሰው።

ሰላምታም አይመልሱም።

እኔ ሁልጊዜ ሲነጋ ጭቃ ላይ ትል ቆፍሬ ባልዲውን ይዤ እደርስባቸዋለሁ። "እንደምን አደሩ አቦይ እድሪስ" እላለሁ። ጀርባቸውን ነው የማየው። ዝም። ያን ጊዜ አገር ቤት ጦርነቱ አለ፤ እዚህም ቴሌግራፍ ላይ አንዱ ቡና ቤት የኛ፣ አንዱ የነሱ ነበር። በዚያ ቂም መሰለኝ። ሁለት ሳምንት ታገስኩ። በሦስተኛው ባልዲውን መሬት ላይ አስቀመጥኩት።

"አቦይ እድሪስ፣ የእግዜር ሰላምታ ምን አደረገዎት? መንግሥትን ከጠሉ መንግሥትን ይጥሉ። እኔ ምን በደልኩ?"

ፊታቸውን ሳያዞሩ ሳቁ።

"ወርቁ፣ የናንተ ሰላምታ ረጅም ነው። ሚስቴን ጠይቀህ፣ ልጆቼን ጠይቀህ፣ ከብቱን ጠይቀህ እስክትጨርስ ባሕሩ ሁለቴ ደርሶ ይመለሳል። ሰላምታ ፊት ያዞራል። በውኃ ዳር ሰላምታ የለም። መኪናው ጋ ስንደርስ እስኪመሽ ሰላም በለኝ።"

እውነትም መኪናው ጋ ስንደርስ ትከሻዬን ይዘው ሦስት አራት ጊዜ እያገላበጡ ይስሙኛል። ስለ እናቴ መቃብር ሳይቀር ይጠይቁኛል።

ነገሩ ገብቶኛል፣ ደንቆሮ አይደለሁም። ግን ልቤ አልተቀበለውም። ካንዴላውን ተቀበልኩ፣ አቆጣጠሩን ተቀበልኩ፣ የኋሊት መሄዱን እንኳ ተቀበልኩ። ሰው አይቶ ዝም ማለትን ግን የሳቸው አመል ነው ብዬ ተውኩት። እሳቸው እስካሉ አከበርኩላቸው። በሰማንያ አምስት ልጃቸው ካናዳ ወሰደቻቸውና ሄዱ። ሰዎቹን የማስጠምደው እኔ ሆንኩ። እንግዲህ አለቃ የለብኝም አልኩ። ያገሬ ሰው መምጣት ጀምሮ ነበር፤ ደህና አደርክ ሲለኝ ጀርባዬን ብሰጠው "ወርቁ ባሕር አየና ኮራ" ይላል። ይህን ፈራሁ። ከባሕሩ ይልቅ ይህን ፈራሁ።

ግርማም በዚያው ሰሞን ይመጣ ጀመር። ማክሰኞ ዕረፍቱ ነበር። ቀስ ያለ፣ ንጹሕ ሰው ነው። ቋጠሮ ሲያስር እንደ ጸሐፊነቱ ነው፣ ጫፉን እኩል ይቆርጣል። የመጀመሪያውን ፍላውንደር ሲያወጣ ሳቀና "ጋሽ ወርቁ፣ ይሄ ዓሣ እኮ እንደኔ ነው፣ የሚያየው ወደ ላይ ብቻ" አለኝ። ካንዴላ አሳየሁት። ጉድጓዶቹን አሳየሁት። ማዕበል መቁጠር አስተማርኩት። ጎበዝ ተማሪ ነበር። ያላስተማርኩት አንድ ነገር ብቻ ነው።

በየካቲት፣ በሰማንያ ስድስት፣ የሚሠራበት ፓርኪንግ ተዘጋ። ሥራ ፈታ። እያዘነ ነበር፣ አልዋሽም፤ ግን ሌላ ቦታ ሰኞ ሊጀምር ቀጥረውት ነበር፣ ለቤቱ ገና አልተናገረም እንጂ። በሦስተኛው ሳምንት ማክሰኞ ጠዋት ባሕሩ ላይ እንገናኝ ተባባልን። ደንበኛ አልነበረም፣ እኔና እሱ ብቻ። እሱ በራሱ መኪና ቀደመኝ።

ፀሐይ ነበረ። ነፋስ የለም። ከመኪናዬ ወርጄ በድንጋዩ አናት ስመጣ አየሁት፤ ከታች፣ መቆም ከሚገባው አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ ቆሟል። ውኃው ዝም ያለ ስለመሰለው ነው። ፊቱ ወደ ባሕሩ ነበር። እንዳስተማርኩት።

"ግርማ! እንዴት አደርክ!" አልኩት ከላይ።

ሰማኝ። ክሩን ሰበሰበ። ዘንጉን ከትከሻው ከፍ ባለችው ድንጋይ ላይ በጥንቃቄ አጋደመ። ባርኔጣውን አውልቆ ዘንጉ ላይ አኖረ። ከዚያ በሙሉ ሰውነቱ ወደኔ ዞሮ ጎንበስ አለ።

"እንደምን አደሩ ጋሽ ወርቁ!"

"እግዚአብሔር ይመስገን። አንተስ?"

"ይመስገነው። ጤናዎ እንዴት ነው?"

"ደህና ነኝ። ወይዘሮ ዘውዴስ? ልጅቷስ?"

"ደህና ናቸው፣ ይመስገነው። ዘውዴ ሰላም በልልኝ ብላለች።"

ይህን ሲል ከኋላው ውኃው ሸሸ። ሌላ ጊዜ አይቼው የማላውቀው ጥቁር ድንጋይ ወጣ፣ ሣር ለብሶ፣ ውኃው እየተንጠባጠበበት። አየሁት። ምን እንደሆነ አውቃለሁ። አንድ ትንፋሽ ነው ያለኝ።

አሁን ልብ ብላችሁ አንብቡ። ከአፌ መውጣት የነበረበት "ውጣ!" ነው። ከአፌ የወጣው ግን "እሷንም ሰላም በልልኝ፣ እግዜር ያክብራት" ነው። እስከ መጨረሻው ጨረስኩት። የሰው ሰላምታ አይቆረጥም ተብዬ ነው ያደግሁት። ይህን ለማለት ስንት ጊዜ ይፈጃል? እናንተው በሉትና እዩት። ያን ያህል ነው።

ከዚያ ጮህኩ። እሱ ከመጨረሻው እጅ መንሻ ቀና እያለ ነበር። ፊቱ ላይ ፈገግታ ነበረ። ማዕበሉ ከኋላ ወገቡን መታው። ድምፅ አላሰማም። ወደ ታች ሮጥኩ። ሁለተኛው ማዕበል እኔን ከድንጋዩ ጋር አጋጨኝ፤ ጉልበቴ የተበላሸው ያኔ ነው። በስንጥቁ ውስጥ ክንዴን ሰክቼ ተረፍኩ። ቀና ስል ባሕሩ ላይ ማንም የለም። ዘንጉና ባርኔጣው ካኖራቸው ቦታ አልተነቃነቁም። ውኃው እነሱ ድረስ አልደረሰም።

እያነከስኩ መንገድ ዳር ያለ ምግብ ቤት ደርሼ አስደወልኩ። በሦስተኛው ቀን ተገኘ።

ፖሊሱ ትሁት ልጅ ነበር። የሚያስተረጉምልኝ ተማሪ አመጡልኝ። "ስትደርስ ነበር ወይ?" አለኝ። አልነበረም አልኩ። ዘንጉንና ባርኔጣውን አይቼ ልፈልገው ገባሁ አልኩ። ለምን እንዲህ እንዳልኩ ስንት ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። ሥራዬን ፈርቼ ነው ብል ውሸት ነው። አፈርኩ። እኔ ነኝ አስተማሪው። ዓሣ አውቃለሁ ያልኩት እኔ ነኝ። ፖሊሱ ባርኔጣውን አየ፣ ተጋድሞ የተቀመጠውን ዘንግ አየ። "የከፋው ነገር ነበር?" አለ።

"ሥራ ፈቷል" አልኩ።

ጻፈው።

ለቅሶው ቴሜስካል በሚሉት ሰፈር፣ እነ ግርማ አፓርታማ ውስጥ ነበር። ሰው ጢም ብሏል። ከኔ ጎን የተቀመጡት ሁለት ሰዎች ይንሾካሾካሉ።

"ባርኔጣውን አውልቆ አስቀምጦ ነው አሉ።"

"ዘንጉንም። እቃ ሰብስቦ እንደሚሄድ ሰው።"

"ኧረ በስመ አብ። እና ፍትሐት ይገባዋል?"

ቄሱ ፍትሐቱን አድርሰውለታል፣ እግዜር ይስጣቸው። ሰው ግን የራሱን ፈረደ። እኔ በመካከላቸው ቁጭ ብዬ ንፍሮዬን ያዝኩ። አንድ ቃል ብናገር ኖሮ ያ ወሬ እዚያው ይሞት ነበር። አልተናገርኩም።

ልወጣ ስል ባለቤቱ ወይዘሮ ዘውዴ በር ላይ ያዘችኝ። ዓይኗ አብጧል።

"ጋሽ ወርቁ፣ እርስዎ ያውቁታል። እኔን የደበቀኝ ነገር ነበረው? ጠልቶን ነው?"

"እግዜር ያውቃል" አልኳት።

እንደ አዎ ወሰደችው። ፊቷ ላይ አየሁት፣ አሁንም አየዋለሁ። ለአርባው ተዝካር ሰባት ሰው ብቻ መጣ። ዓመት ሳይሞላ ልጇን ይዛ ሳን ሆዜ ገባች፣ የኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካ ውስጥ ሥራ አግኝታ።

እኔ ባሕሩ ላይ ቀረሁ። ያገሬ ሰው ሲመጣ ገና ከመኪናው ሳይወርድ "እዚያ ስንደርስ ሰላም እንዳትሉኝ" እላለሁ። ምክንያቱን አልናገርም። አንዱ "ሰውዬው ታሟል" አለ። አንዱ እጁን ዘርግቶልኝ ሳልጨብጠው ቀረሁና "እግዜር ይይልህ" ብሎኝ ሄደ። ቀስ በቀስ መምጣታቸውን ተዉ። እኔም ቴሌግራፍ መሄድ ተውኩ። ዓሣ የምትጠብሰው ሴት ሁለት ሁዳዴ ደወለች፣ አላነሳሁም። በሦስተኛው አልደወለችም። ፈረንጆቹን አስጠምዳለሁ፤ እነሱ "ሃይ ወርክ" ብለው ያልፋሉ፣ አጭር ነው። ጾሙን ለፋሲካ ብቻዬን ፈታሁ፣ አንድ ጊዜ ብቻም አይደለም። ከቤቴ ግድግዳ ጋር ማውራት ስጀምር ራዲዮ ገዛሁ። በሥራ ቀን እንኳን ድምፄን የምሰማው ማዕበል ስቆጥር ነው።

ቁልፉን የመለስኩ ዕለት ለአቦይ እድሪስ ካናዳ ደወልኩ። ለሌላ የምደውልለት ሰው አልነበረኝም። ሥራ አቆምኩ አልኳቸው። ስለ ካንዴላው ጠየቁኝ፣ ስለ ጉድጓዶቹ ጠየቁኝ። ከዚያ ሳላስበው ስለ ግርማ ነገርኳቸው፣ ሁሉንም።

"ወርቁ።"

"አቤት።"

"ይሄን ለእኔ ምን ያደርግልኛል? ባለቤቱ በሕይወት አለች?"

"አለች። ሳን ሆዜ።"

"እና ካናዳ ትደውላለህ?" አሉና ዘጉት። ሳይሰናበቱኝ።

እሑድ ቀን በባቡር ፍሪሞንት ድረስ፣ ከዚያ በአውቶቡስ ሄድኩ። አድራሻውን ከቤተ ክርስቲያን ሰው ነው ያገኘሁት፣ በግድ። በሩን የከፈተችው ልጅቷ ናት፣ ሊያ። አሥራ አምስት ዓመት ሆኗታል፣ ግንባሯ የአባቷ ነው። ወይዘሮ ዘውዴ ከሶፋው ብድግ አለች።

"ጋሽ ወርቁ! ምነው፣ ሰው ሞተ?"

"አልሞተም። ልነግርሽ የመጣሁት ነገር አለ። ቆሜ ነው የምነግርሽ።"

"ኧረ ይቀመጡ።"

"አልቀመጥም።"

ነገርኳት። እዚህ የጻፍኩትን ነው የነገርኳት፤ ድንጋዩን፣ ባርኔጣውን፣ ሰላምታውን፣ የሸሸውን ውኃ፣ ያልቆረጥኩትን ዓረፍተ ነገር፣ አግኝቶት የነበረውን ሥራ። ለፖሊሱ ያልኩትን። በር ላይ ለሷ ያልኩትን። ስጨርስ ቀስ ብላ ተቀመጠች።

"ራሱን አልጣለም" አለች።

"አልጣለም።"

"ሥራ ሊጀምር ነበር ለካ።"

"ሰኞ።"

"ይሄን ሦስት ዓመት ታውቃለህ።"

አንተ አለችኝ። ይገባኛል።

"አውቃለሁ።"

"ይቺ ልጅ አባቴ እኛን ስላልፈለገን ነው የሞተው እያለች ነው የምታድገው። እኔም አይደለም አላልኳትም። ምን ብዬ? አንተ እግዜር ያውቃል ስላልከኝ!" ወደ ልጅቷ ጠቆመች። "ንገራት። ለሷም ንገራት።"

ወደ ልጅቷ ዞርኩ። አማርኛ ትሰማለች፣ አትናገርም። እንግሊዝኛዬ የሱቅ ነው። መንጠቆ፣ ክር፣ ውኃ፣ ጠብቅ፣ ያን ብቻ ነው የማውቀው። በዚያው ጀመርኩ። እጇን አነሳችና አስቆመችኝ። ቅድም በር ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች።

"ሶ ሂ ዋዝ ጀስት ሰዪንግ ሃይ?" አለችኝ። ሰላም እያለ ብቻ ነበር ወይ ማለቷ ነው።

"የስ" አልኩ።

"ቱ ዩ።"

"የስ። ለኔ።"

ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች። ከውስጥ ስታለቅስ ሰማናት፤ ወይዘሮ ዘውዴ ልትሄድላት ተነሳችና መልሳ ተቀመጠች።

"ትልቀስ። ለአባቷ ገና አላለቀሰችም" አለች።

ለመውጣት ፈቃድ ጠየቅሁ። ይቅርታ አልለመንኩም፣ አፌ አልደፈረም። እሷም አልሰጠችኝም።

"ጻፈው" አለችኝ ከተቀመጠችበት። "ስምህን ጻፍበት። እዚያ ለቅሶ ላይ የነበረው ሰው ሁሉ ያንብበው። አንተ በአፍህ ብትናገር ነገ በአፋቸው ይለውጡታል።"

"ጽሕፈት ብዙም አልችልም።"

"ትችላለህ።"

ልትሸኘኝ አልተነሳችም። በሩን እኔው ከፍቼ ወጣሁ። አውቶቡሱ እስኪመጣ ብዙ ቆየ።

ይህን ለመጻፍ አራት ወር ፈጅቶብኛል። ብዙ ቀድጃለሁ። ስለ ዓሣው የጻፍኩት ቀሎኝ ነበር፣ ብዙ የጻፍኩትም ለዚያ ይሆናል። ከዚህ በታች ያለው ግን ለዘውዴ ቃል የገባሁት ነው። ሌላውን ብትረሱት ግድ የለም፣ ይህን ያዙ።

እኔ ወርቁ በዓይኔ አይቻለሁ። ግርማ ራሱን ባሕር ውስጥ አልጣለም። ሚስቱንና ልጁን አልጠላም፤ የመጨረሻ ቃሉ የሚስቱ ሰላምታ ነው። ባርኔጣውን ያወለቀው ለእኔ ነው።